ጋዝ የሌለው ሞተር ሆም፦ ለእንጀራው አያስቡ፣ ስለ ብርዱ ይጠይቁ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለታችንም በቅርቡ ጡረታ እንወጣለን። ወንዱ ልጃችን አትላንታ፣ ሴቷ ቦስተን ናቸው፤ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ሚኒሶታ ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው፤ አሁን ደግሞ ‹ራሳችንን ላመላልስ› ብሎ ያገለገለ ሞተር ሆም፣ ማለትም አልጋና ማድ ቤት ያለው ቤት-መኪና፣ ሊገዛ ተነስቷል። ሁለት መርጧል። አንደኛው ፕሮፔን በሚባለው ጋዝ የሚበሰልበትና የሚሞቅ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ናፍጣ ሆኖ ውስጡ ጋዝ የሚባል ነገር የለበትም፤ ሁሉ ነገሩ በኤሌክትሪክ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። እኔ ጋዝ እፈራለሁ። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ የጎረቤታችን ቡታጋዝ ያስነሳውን ቃጠሎ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ግን ‹መብራት ሲጠፋብሽ ያደግሽ ሰው እንዴት መብራትን ብቻ ታምኛለሽ?› ይለኛል፤ እውነት ለመናገር መልስ አጣሁለት። እንጀራዬንስ በምን ልጋግር? ቡናዬንስ? ለገና ሚኒሶታ እንሂድ ማለቱስ፣ በብርድ እንዳናልቅ? ደግሞስ ሁሉም በኤሌክትሪክ ከሆነ እንደ ኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እየቆምን ቻርጅ ልናደርግ ነው? — ጋዝ ፈሪዋ»

እኅቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ፤ እሱ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ይምታታል። ባለቤትዎ ያዩት መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቤቱ ነው እንጂ መኪናው አይደለም። ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ኤሌክትሪክ ይጠቀማሉ፤ ጎማውን የሚያሽከረክረው ያው ናፍጣ ነው። ስለዚህ በየመንገዱ ቆማችሁ ቻርጅ አታደርጉም። ጎማውም በባትሪ የሚዞርለት ሞተር ሆም ተሞክሯል፤ የሞተር ሆም አምራቹ ዊኔቤጎ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ለሙከራ ያሳየው መኪና በአንድ ቻርጅ 125 ማይል እንደሚሄድ ተነግሮለት ነበር። ከእናንተ ቤት ተነስቶ ፊላደልፊያ በቅጡ አያደርስም ማለት ነው። አትላንታ ከ600 ማይል በላይ ስለሆነ ያንን ለልጅ ልጆቻችሁ ተዉላቸው።

ጋዝ አልባው ቤት ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ሞተራቸው ከኋላ የሆነ ትልልቅ የናፍጣ ሞተር ሆሞች ያለ ፕሮፔን መሠራት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የገንዘብ ችግር የሌለባቸው ጡረተኞች ሲነዷቸው ኖረዋል። አሁን የተለወጠው የሊቲየም ባትሪ ዋጋ መቀነሱ ነው። በዚህ ምክንያት ሐሳቡ ወደ መካከለኛዎቹና ወደ ትንንሾቹ መኪናዎችም ወርዷል፤ «ጋዝ የለውም» የሚለው ቃልም የሻጮች ማባበያ ሆኗል። እኔን የሚያሳስበኝ ማባበያው ነው።

ወደ ፍርሃትዎ ልምጣ። ፍርሃትዎ መሠረት አለው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛና ብልጭታ ይጠብቃል። በአርቪ (ሞተር ሆምና መሰል ቤት-መኪናዎች የሚጠሩበት ስም ነው) ውስጥ የጋዝ ጠቋሚው መሣሪያ ከወለል አጠገብ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ጠቋሚ መሣሪያውም ዕድሜ አለው፤ ከ5 እስከ 7 ዓመት ካገለገለ በኋላ መለወጥ አለበት። ያገለገለ አርቪ ስታዩ በመሣሪያው ጀርባ ላይ የታተመውን ቀን አንብቡ፤ ስለ ቀድሞው ባለቤት ጠባይ ከሻጩ ምላስ ይበልጥ ይነግራችኋል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር እርጥበት ነው። 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። የማሞቂያው ጭስ በራሱ መውጫ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ችግር የለበትም፤ የምድጃው ግን እናንተው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ጠዋት መስኮቱ ሁሉ ላብ ያወጣል፤ ከጊዜ በኋላ ፍራሹ ሥር ሻጋታ ይጀምራል። አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጠቋሚ ከሌለ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳበቃ ግን ጋዙ ሲወጣ ቃጠሎ አብሮት ከመኪናው ወጣ ብለው እንዳይተኙ። አርቪዎች በሚያድሩበት ካምፕ ውስጥ ስንትና ስንት ዓመት ሲሰካና ሲነቀል የላላ የ30 አምፔር ሶኬት፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ማሞቂያ፣ የቀድሞው ባለቤት ጓሮው ውስጥ በራሱ እጅ የገጠመው ባትሪ፣ እነዚህ ሁሉ ቃጠሎ ያስነሳሉ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ከሌሎቹ ሊቲየሞች የተረጋጋ ነው፤ አርቪ ላይ ከሌላው ዓይነት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ባትሪው የፋብሪካ ይሁን ወይስ በኋላ የተገጠመ፣ ማን ገጠመው፣ ደረሰኙ የታለ ብላችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ የሌለው የባትሪ ሥራ እኔ አልገዛም።

ባለቤትዎ «መብራት ብቻ» ላሉት ደግሞ የሚሰጧቸው መልስ ይኸውልዎ። የፕሮፔን ማሞቂያውም ያለ መብራት አይሠራም። እሳቱን የሚለኩሰውም፣ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚነፋው ማራገቢያም በ12 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠሩት። ባትሪው ካለቀ ታንኩ ሙሉ ጋዝ ይዞ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ሞተር ሆም ላይ ያለው የጋዝ ታንክ ደግሞ ከሻሲው ጋር የታሰረ ነው፤ እንደ ባርቤኪው ሲሊንደር ባዶውን ሰጥታችሁ ሙሉውን አትቀበሉበትም። ሲያልቅ መኪናውን ራሱን አስነስታችሁ መሙያ ጣቢያ መሄድ አለባችሁ፤ የሚያልቀውም እንደ ልማዱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ይህን ካሉዋቸው በኋላ ግን ትንሽ ዝም ይበሉ፤ እሳቸው የያዙት ትልቅ እውነት አለ። በቁጥር ላሳይዎት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው 20 ፓውንድ የሚይዘው የባርቤኪው ሲሊንደር 430,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ በኤሌክትሪክ አነጋገር 126 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ ጥሩ የ12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። አንዷን ሲሊንደር ለመተካት 98 ባትሪ ሊያስፈልጋችሁ ነው። ማሞቂያው ከጋዙ ሙቀት ሩቡን በጭስ ማውጫ ይጥለዋል እንበል፤ ያም ሆኖ ከሰባ ባትሪ አይወርድም።

ቁጥሩ ወረቀት ላይ እንዳይቀር አንድ የጥር ሌሊት እናስብ። የአርቪ የጋዝ ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ 30,000 ቢቲዩ በሰዓት ያነዳል፤ 9 ኪሎዋት ገደማ ነው። በአሥር ሰዓት ሌሊት ውስጥ ከጊዜው ሲሶውን ብቻ ቢሠራ ወደ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። «ትልቅ ባትሪ አለው» ተብሎ የሚሸጥላችሁ መኪና 10 ወይም 15 ኪሎዋት ሰዓት ቢይዝ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብርድ ልብስ ፍለጋ ትነሳላችሁ። ካምፕ ውስጥ ሶኬት ላይ ተሰክታችሁ ቢሆንስ? ተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት ነው፤ የሚሰጠው 5,100 ቢቲዩ ነው። የጋዙ ማሞቂያ የሚሰጠውን ለማግኘት አራት አምስቱ ያስፈልጋሉ፤ የ30 አምፔር መስመር ግን ሁለቱን ከተሸከመ ለሌላ ነገር ትርፍ የለውም። ጣሪያው ላይ ያለው ኤር ኮንዲሽነር ተገልብጦ የሚያሞቅ ዓይነት ከሆነ ብዙ ሙቀት በጥቂት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ሆኖም ውጭው ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ አብዛኞቹ ይዳከማሉ። በጣም በሚያስፈልጉበት ሰዓት ማለት ነው።

ታዲያ እነዚያ ትልልቆቹ ጋዝ አልባ መኪናዎች ክረምቱን እንዴት አለፉት? ሙቀቱን ከባትሪ አላመጡትማ። ከናፍጣ ነው ያመጡት። ከሞተሩ ታንክ ናፍጣ እየሳበ ውሃ የሚያፈላ ትንሽ ቦይለር አላቸው፤ የፈላው ውሃ በቧንቧ እየዞረ ክፍሎቹን ያሞቃል፣ መታጠቢያውንም ያሞቃል። በትንንሾቹ ቫኖችም ላይ በናፍጣ የሚሠራ የአየር ማሞቂያ ይገጠማል። እሳቱ በታሸገ ክፍል ውስጥ ይነዳል፤ ጭሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ናፍጣ ደግሞ ቢፈስ ይሸታል፣ ያቆሽሻል እንጂ እንደ ፕሮፔን ተንኖ ቤቱን አይሞላውም። ስለዚህ «ሁሉ ነገሩ በኤሌክትሪክ» የተባላችሁት መኪና ጥሩ ከሆነ በውስጡ የሚነድ ነገር አለው፤ የሚነድ ነገር ከሌለው ደግሞ የበጋ መኪና ነው። ለሻጩ የምታቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋውን ሳይሆን ይህን ይሁን፦ ሙቀቱ ከየት ነው የሚመጣው? «ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ» ካላችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። የናፍጣ ቦይለር ካለው ደግሞ የጥገና ወረቀቱን አይታችሁ፣ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ አስነስታችሁ አድምጡት። ጥላሸት ሲይዘው ጽዳት ይፈልጋል፣ መለዋወጫው ርካሽ አይደለም፣ በየመንደሩ የሚያውቀው ባለሙያም አይገኝም። ከፕሮፔን ማሞቂያ ጋር ሲወዳደር ድክመቱ እዚህ ላይ ነው።

ቧንቧዎቹንም አትርሱ። በጋዝ በሚሞቀው መኪና ከማሞቂያው የሚወጣው አየር በከፊል ወደ ታች ወርዶ የውሃ ታንኮቹን ያሞቃል። ጋዝ አልባው ላይ ያንን ሥራ የሚሠራለት ነገር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። እናንተ ላይ ብርድ ልብስ ይደረባል፤ ወለል ሥር ያለው ቧንቧ ግን ይፈነዳል።

ሚኒሶታን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፦ ለገና በአውሮፕላን ሂዱ። በጥር ወር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እዚያ የተለመደ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ራሱ ከዜሮ በታች ከቀዘቀዘ ቻርጅ አይቀበልም፤ የራሱ ማሞቂያ ከሌለው መቆጣጠሪያው ይዘጋበታል። ፕሮፔኑ እስከ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ መትነኑን ስለማይተው በዚህ በኩል ባለቤትዎ ይረታሉ። ቢሆንም የጋዙን መኪና ይዘውም ቢሆን በጥር ሚኒሶታ መሄድ ቧንቧ ለማፈንዳት ካልሆነ ጥቅሙ አይታየኝም። ወንድምዬውን በሐምሌ ጠይቋቸው።

ከብርዱ እንውጣና ወደ ማጀት እንግባ፤ እዚህ ዜናው ከጠበቁት የተሻለ ነው። አገር ቤት የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራና ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ ነው፤ እሱን በአርቪ አያስቡት። አሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን የምንጋግርበት ግን ኖርዌጂያውያን አሜሪካውያን ሌፍሴ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ ምጣድ ወይም እሱን የመሰለ ነው፤ በ120 ቮልት ይሠራል፣ 1,400 ዋት ገደማ ይወስዳል። ይህ በ30 አምፔር መስመር ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ጣጣው ሦስተኛ ነገር ሲጨመር ነው። 30 አምፔር ማለት 3,600 ዋት ነው፤ ምጣዱ 1,400፣ ኤር ኮንዲሽነሩ 1,500፣ የውሃ ማሞቂያው 1,400 ሲወስዱ ድምሩ 4,300 ይሆናል። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሊጡም ምጣዱ ላይ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የጋገራ ቀን ባለቤትዎ ገላቸውን አስቀድመው ይታጠቡ፣ የውሃ ማሞቂያውም ይጥፋ። 50 አምፔር መስመር ያለበት ካምፕ ካገኛችሁ 12,000 ዋት ስላላችሁ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይቀራል፤ ጋዝ አልባ መኪና ያለው ሰው ቦታ ሲይዝ 50 አምፔር ብሎ መያዝን ልማድ ቢያደርግ ይጠቅመዋል። አሮጌ ካምፖች ግን 30 ብቻ፣ አንዳንዶቹም 20 ብቻ ነው ያላቸው።

በባትሪ ብቻ መጋገር ይቻላል? ሁለት ሰዓት ቢፈጅብዎ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 10 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዘው ባትሪ ሩቡ መሆኑ ነው። ይቻላል፣ አልመክርም። እኔ የምለው ከተሰካችሁ ቀን ጋግሩ፤ ደግሞ ውጭ። አብዛኞቹ ሞተር ሆሞች በጎናቸው በኩል የውጭ ሶኬት አላቸው፤ ምጣዱ የካምፑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የሃያ እንጀራ እንፋሎት በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከታፈነ ጋዙን ሸሽታችሁ የገባችሁበት እርጥበት ያው ነው። ጎረቤት ካምፐኞች ምን እንደሆነ ለማየት መምጣታቸው አይቀርም፤ ጥቂት ይትረፍላቸው።

ለወጡ ኢንዳክሽን ምድጃ ከጋዙ የተሻለ ነው ብዬ ስናገር ጋዝ የለመዱ ወይዛዝርት ይቆጡኛል። ሽንኩርት ለማቁላላት ግን የተረጋጋ፣ ዝቅ ሲሉት ዝቅ የሚል እሳት ነው የሚፈለገው፤ ኢንዳክሽን በዚህ አይታማም። የጋዝ እሳት ከሙቀቱ የሚበልጠውን በድስቱ ዙሪያ ለክፍሉ ያድላል፤ በነሐሴ ሙቀት ዶሮ ወጥ ሲሠራ በአንድ በኩል እያሞቁ በሌላ በኩል በኤር ኮንዲሽነር ማቀዝቀዝ ነው። ኢንዳክሽን ድስቱን ራሱን ነው የሚያሞቀው። ችግሩ ድስት ይመርጣል። የአልሙኒየም ድስትና የሸክላ ድስት አይሠሩበትም። የፍሪጅ ላይ ማግኔት ይዘው ማድ ቤትዎን ይዙሩ፤ ከድስቱ ቂጥ ላይ የተጣበቀው ይሄዳል፣ ያልተጣበቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ይቀራል።

ጀበናውም በዚሁ ፍርድ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሽቦው የሚግል ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ 1,000 ዋት የሆነ፣ ለጀበና ብቻ ይያዝ። ቡናውን ሲቆሉ የጣሪያውን ማራገቢያ ይክፈቱ፤ የጭስ ጠቋሚው ስለ ሥነ ሥርዓታችን የሚያውቀው ነገር የለም። ደግሞ አደራ፣ ጠቋሚው ጮኸ ተብሎ ባትሪው አይነቀል። ከሰል ግን፣ ለጀበናም ለዕጣንም፣ ያቺ መኪና ውስጥ እንዳይገባ። መስኮት ተከፍቶም ቢሆን። የፈሩት ጋዝ ሳይሆን የወደዱት ከሰል ነው በዚያች ክፍል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሞላው።

ፍሪጁ ለጋዝ አልባው ድል ነው። በጋዝ የሚሠራው የአርቪ ፍሪጅ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ካልቆመ አይሠራም፣ ለመቀዝቀዝም ሰዓታት ይፈጃል። በኮምፕሬሰር የሚሠራው ዘንበል ቢልም አይሰማውም፤ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

እንግዲህ ባለቤትዎ ወዳነሱት ዋና ጉዳይ፣ መብራቱ ከየት ይመጣል ወደሚለው ልመለስ። ባትሪ እንስራ ነው እንጂ ምንጭ አይደለም፤ የቀዱትን ያህል ካልሞሉት ይደርቃል። መሙያው አራት ነው፦ የካምፕ ሶኬት፣ መንገድ ላይ የሞተሩ ዲናሞ፣ የጣሪያው ሶላር፣ ጄኔሬተር። ከእነዚህ ሰዎች ከሚገባው በላይ የሚያምኑት ሶላሩን ነው። 800 ዋት ሰሌዳ በሐምሌ ጠራራ ፀሐይ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ በታኅሣሥ ግማሹንም አይሰጥ፤ ዛፍ ሥር ከቆማችሁ የለም ማለት ይቻላል። በበጋ ደግሞ ጥላ ሥር መቆም የማይፈልግ ማን ነው? ዲናሞው ግን የሚናቅ አይደለም። ለቤቱ ባትሪ ብቻ የተመደበ ሁለተኛ ዲናሞ ካለው በአንድ ሰዓት ጉዞ 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሰዓት ሊሞላ ይችላል፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚሉ ሰዎች ከሶላር ይበልጣል። ጄኔሬተሩ ከሞተሩ ታንክ ናፍጣ ይጠጣል፤ ታንኩ ሩብ ገደማ ሲደርስ እንዲቆም ሆኖ ነው የሚሠራው፣ ጭራሽ መንገድ ላይ እንዳያስቀራችሁ።

ጄኔሬተር ግን በፈለጉበት ሰዓት አይነሳም። ለእናንተ ቅርብ የሆነውን የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንውሰድ። ካምፖቹ የኤሌክትሪክ ሶኬት የላቸውም፤ ጄኔሬተር የሚፈቀደውም በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት ለማደር በበጋ 10 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለ ጭንቀት ይበቃችኋል፤ ኤር ኮንዲሽነር ሌሊቱን ሙሉ ካላላችሁ። በነገራችን ላይ በፓርኩ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የምትገዙት መኪና ከነኤር ኮንዲሽነሩ ስንት እንደሚረዝም ለክታችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት።

ልጆቻችሁ ቤት ስታርፉ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ተራ ሶኬት 15 አምፔር ነው፤ 1,800 ዋት። ለፍሪጁና ለመብራቱ፣ ባትሪውንም ሌሊት ቀስ አድርጎ ለመሙላት ይበቃል፤ ለኤር ኮንዲሽነርና ለምጣድ አንድ ላይ አይበቃም። አትላንታ ያለው ልጃችሁ ጋራዡ አጠገብ የ50 አምፔር ሶኬት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢያስገጥምላችሁ ጥሩ ስጦታ ነው። እሱ እናቱን ስንት ጊዜ ሊያይ እንደሚፈልግም በዚያው ይታወቃል።

ሁሉም የሚረሳው አንድ የጋዝ አልባው ትርፍ ደግሞ እናንተ በር ላይ ነው። ከሜሪላንድ ወደ ቦስተን ሲወጡ ባልቲሞር ላይ ፎርት ማክሄንሪና ሃርበር የሚባሉት ዋሻዎች አሉ። ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ታንክ ያለው ተሽከርካሪ፣ አርቪም ቢሆን፣ አያልፍባቸውም። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሰው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፤ ድልድዩ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ከወደቀ ወዲህ 695 በሚባለው የቀለበት መንገድ ምዕራባዊ ክፍል ከተማዋን መዞር ግድ ነው። በየጊዜው ልጃችሁን ልታዩ ስትወጡ ይህን ዙረት ከነመኪና ጭንቅንቁ አስቡት። ጋዝ አልባው መኪና በዋሻው ቀጥ ብሎ ያልፋል።

እንግዲህ ምን ልበላችሁ? ሌሊቶቻችሁን ቁጠሩ። ከደብዳቤዎ እንደገባኝ አብዛኛውን ጊዜ የምታድሩት ልጆቻችሁ ቤት በር ላይና ሶኬት ባለው ካምፕ ነው፤ በክረምት ደግሞ ወደ ደቡብ እንጂ ወደ ሰሜን የመሄድ ምርጫ አላችሁ። እንዲህ ላለው ኑሮ ጋዝ አልባው ይሻላል እላለሁ፤ አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ ሙቀቱ ከናፍጣ መምጣት አለበት። ያያችሁት መኪና የናፍጣ ማሞቂያ ከሌለው በዋጋው ልዩነት አትታለሉ፤ የጋዙን ግዙ፣ ጠቋሚውን ለውጡ፣ ቧንቧውን በባለሙያ አስፈትሹና በሰላም ተጓዙ። ያ ቢሆን እርስዎም ምድጃውን ትተው ውጭ በኤሌክትሪክ ማብሰል ይችላሉ፤ ጋዙ ለማሞቂያ ብቻ ይቀራል። ባለቤትዎ ከከተማ ርቀው ሶኬት በሌለበት ምድረ በዳ ሳምንት መቆየት የሚመኙ ከሆነም መልሴ ወደ ጋዙ ያጋድላል፤ ይህን በደብዳቤዎ አልጻፉትም፣ ይጠይቋቸው።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን አንድ ሌሊት ሳይሰካ ለማደር ፍቀድልን በሉት። ማሞቂያው ይነሳ፣ ፍሪጁ ይሥራ፣ እራት ይሠራበት፣ ጠዋት የባትሪው መቁጠሪያ ስንት እንደሚል ይታይ። እምቢ ካለ ሌላ መኪና አለ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባለቤትዎ ጋዝ ጨርሶ መቅረቱ ካልተዋጠላቸው፣ ካምፕ ውስጥ የሚሸጠውን 1 ፓውንድ የምትይዝ ትንሿን የፕሮፔን ቆርቆሮና አንድ ተራ የውጭ ምድጃ ይያዙ። ከመኪናው ውጭ፣ አየር ላይ፣ ጥብሳቸውን ይጥበሱባት። ከ10 ፓውንድ በታች ስለሆነች የባልቲሞሩ ዋሻም አይከለክላትም።